ፊታውራሪው ቅድመ አያቴ ሳሉ

የጨዋ ዘር ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ጓደኞቼ አጋነው ከሚነግሯችሁ ራሴ ልናገረው ብዬ ነው። እዚህ አሜሪካ ታክሲ ነው የምነዳው፤ ኤርፖርት መንገደኛ ለመጫን ተራ ስንጠብቅ ሌላው ሾፌር ወሬ ያልቅበታል፤ እኔ አያልቅብኝም፣ ፊታውራሪው አሉልኝ። "የእናቴ አያት ፊታውራሪ ነበሩ። ወሎ ውስጥ ከዚህ ተራራ እስከዚያ ማዶ ያለው ሁሉ የሳቸው ነበር። ሲቆጡ ውሻ እንኳ አይጮህም!" እላለሁ። ዩለስ የሚባል ከተማ የሚኖረው ጓደኛዬ፣ እንደኔው ሾፌር ነው፣ እስከ መጨረሻው ይሰማኝና "በል ፊታውራሪ፣ ተራህ ደርሷል፤ ውረድና የሴትዮዋን ሻንጣ ጫን" ይለኛል። በዚያው ስሜ ፊታውራሪ ሆኖ ቀረ። አልጠላሁትም። ምን አስጠላኝ!

የምትገርመኝ እናቴ ነበረች። ጋርላንድ በሚባለው ከተማ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ሰማንያን አልፋለች፣ ጆሮዋ ግን የድመት ነው። ስለ ፊታውራሪው ሳወራ አትጨምርም፣ አትቀንስም። "አይደል እማዬ?" ስላት "አንተ ካልክ" ትላለች፣ ከዚያ ሻሿን ታስተካክላለች። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ጨዋ ሰው ስለ ራሱ አያወራም እያልኩ እኔው አወራላት ነበር።

አንዲት ልጅ ነው ያለችኝ። ጋርላንድ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ታሪክ ታስተምራለች። ከጥቂት ዓመት በፊት ልታገባ ተዘጋጅታ፣ አዳራሽ ተይዞ፣ ሰውየው ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ጥሏት ሄደ። ያን ጊዜ ልጄ መኝታ ቤቷ ገብታ ስታለቅስ ድምፁ እንዳይሰማን ትራስ ትነክስ ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ፤ በሩን ለማንኳኳት ግን ወኔ አጣሁ። ሰውየውን ባገኘው እገድለው ነበር፤ ደግነቱ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። ስለዚህ አሁን እዚሁ አቅራቢያ ዋይሊ ከተማ የሚኖር አንድ ልጅ ወደዳት፣ እሷም ወደደችው ሲባል፣ ሻማ አብርቼ ነው ያመሰገንኩት። ልጁ ደግሞ ይወደዳል። ከመጣ ጀምሮ ቤታችን የተበላሸ ቧንቧ የለም። ይሄ ጋብቻ ከተበላሸ ልጄ ሁለተኛ እንደማትነሳ አውቅ ነበር፤ የምፈራው እሱን ብቻ ነበር።

እንግዲህ የቀረው ሽምግልናው ነው። የልጁ አያት ስልክ ደወሉልኝ። ጥንታዊ ሰው ናቸው። "ልጆቹ ተዋደዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብቻ ሰባት ቤት ሳንቆጥር አይሆንም" አሉኝ። ለማያውቀው ሰው፣ የሁለቱም ወገን አያት ቅድመ አያቱን እየጠራ እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጥራል፤ እዚያ ውስጥ ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ ዘመድ ደግሞ አይጋባም። እዚህ አገር ብዙ ሰው ትቶታል። እኔ ግን ደስታዬን አትጠይቁኝ። ፊታውራሪውን በሰው ፊት በወግ የምጠራበት ቀን መጣልኝ! ባለቤቴ ሸሚዝ ስተኩስ አይታኝ "ሰዎቹ የሚመጡት ልጅ ሊጠይቁ ነው፤ ርስት ሊከራከሩ አይደለም። ረጋ በል እንጂ" አለችኝ። ባለቤቴ ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ የሰው ትኩሳት በዓይኗ ታውቃለች።

በዚያው ሳምንት የልጄ መኪና ጋራዥ ገባችና እኔ ሥራ አደርሳት ነበር። አንድ ጠዋት እናቴም የሐኪም ቀጠሮ ስለነበራት ከኋላ ተቀምጣ አብረን ወጣን። ልጄ ወረቀቷን እያገላበጠች ስታጉተመትም "ምንድን ነው የምታስተምሪያቸው ዛሬ?" አልኳት።

"ሶ አባ፣ በኮሎኒ ዘመን እዚህ አገር ባሪያ የተደረጉ ሰዎች እንዴት ሬዚስት እንዳደረጉ፣ ማለቴ እምቢ እንዳሉ ነው።"

"ባሪያ የተደረጉ ምንድን ነው? ባሪያዎች በያ።"

"አይ፣ የተደረጉ። ሰው ነው ያደረጋቸው እንጂ እንደዛ አልተወለዱም።"

እሺ አልኳት። ከዚያ ነገረችኝ። የተነሱ፣ መሣሪያ ያነሱ ነበሩ፤ ወደ ረግረግ ሸሽተው እዚያው መንደር የመሠረቱ ነበሩ፤ ያመለጠውን በድብቅ የሚያበሉ ነበሩ። ብዙው ግን በየቀኑ የሚደረግ ነገር ነበር አለች። መቆፈሪያውን ይሰብራሉ። ቀስ ብለው ይሠራሉ። የታዘዙት ያልገባቸው ይመስላሉ። ሳያማቸው ይታመማሉ።

የኔ ነገር አላስችል አለኝና "የተዋጉትን አስተምሪ እንጂ! ሥራ ማለመጥ ደግሞ ምኑ ነው ጀግንነቱ? እንደዛማ ከሆነ ዩለስ ያለው ጓደኛዬ ሐውልት ይገባዋል" አልኳት።

አልሳቀችም። "አባ፣ ሰውነትህ ያንተ ካልሆነ፣ ማለቴ፣ ጉልበትህን መደበቅ የራስህን መልሰህ መውሰድ ነው። ቢይዙህ ደግሞ ይገርፉሃል። ቀልድ አይደለም" አለችኝ። ልጄ ስትቆጣ አማርኛዋ ይጠራል፤ እኔም እፈራታለሁ።

እናቴ ከኋላ "የሚታመሙት" አለች። "ሳያማቸው የሚታመሙት፣ ይታመኑ ነበር?"

"አንዳንዶቹ ይታመኑ ነበር እማማ። ስማርት የሆኑት።"

"እህ" አለች እናቴ። ክሊኒኩ ጋ ፓርክ አድርጌ ሳወርዳት እጄን አጥብቃ ይዛ አልለቅ አለችኝ። ደም ግፊቷ ነው ብዬ ለነርሷ ተናገርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፦ የልጁ አያት ነጠላቸውን ለብሰው፣ የልጁ አጎት በሙሉ ልብስ፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው ደግሞ አንድ ዝምተኛ ሰው። በኛ በኩል እኔ፣ እናቴና የዩለሱ ጓደኛዬ ነን። ባለቤቴ ወጥ ቤት ናት። ልጄ እንደ ወጉ መኝታ ቤት ገብታለች፤ የምትጠየቀው ልጅ ሳሎን አትቀመጥም። በሩን ግን ትንሽ ገርበብ እንዳደረገችው አይቻለሁ። ሰላምታው፣ ጤና ይስጥልኙ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሀይዌዩ ጥገና ወሬው ካለቀ በኋላ አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ እናንተ ጀምሩ" አሉኝ።

ጀመርኩ። ልጄን ጠራሁ፤ ራሴን ጠራሁ፤ እናቴን ጠራሁ፤ የእናቴን አባት ጠራሁ። ከልጄ በላይ አራተኛው ላይ ስደርስ ትንሽ አረፍ አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አደረግኩ፣ ከነማዕረጋቸው፣ ከነፈረስ ስማቸው ፊታውራሪውን ጠራሁ።

አዛውንቱ ሊጠጡ ያነሱትን ብርጭቆ አስቀመጡ። "የየት አገሩ?" አሉ።

"የወሎው!" ብዬ አጥቢያቸውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ሰውየው እንባቸው መጣ። ተነስተው ወደ እናቴ ሄደው አንገቷ ላይ ጥምጥም አሉ። "የእናቴ አባት እኮ ናቸው! አያቴ ናቸው! አንቺ የአጎቴ ልጅ ነሽ! እህቴ! እንዴት እስከ ዛሬ ሳንተዋወቅ!" እናቴ እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች። እኔም ሞኙ ብድግ ብዬ "ይኸው! ከልጓም ዘር ይስባል! ልጁን ሳየው እኮ ደሜ ነግሮኛል!" እያልኩ አጎትየውን አቅፌ ሳምኩት። ከመሸማገል ወደ ዘመድ ጥየቃ ተሻገርን። አጎትየውም ይስቃል፣ ዝምተኛውም ይስቃል።

ያልሳቀው የዩለሱ ጓደኛዬ ብቻ ነው። ጣቶቹን ያጥፋል። "ቆይ፣ ቆይ" አለ። "በናንተ በኩል ልጁ፣ አባቱ፣ እርስዎ፣ እናትዎ፣ ፊታውራሪው። በኛ በኩል ልጅቷ፣ እሱ፣ እናቱ፣ አያቱ፣ ፊታውራሪው..." ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "በአራት ቤት ገጠሙ እኮ።"

እናንተዬ፣ ክው አልኩ። አዛውንቱ የእናቴን ትከሻ ቀስ ብለው ለቀቁ።

አጎትየው ነው የቀደመ። "እንግዲህ ይሄ አይሆንም" አለ። "ዘመድ ናቸው።"

"አራት ቤት እኮ ሩቅ ነው" አልኩ። "ደግሞ አሜሪካ ነው ያለነው።"

"እግዚአብሔር አሜሪካ የለም ብለህ ነው?" አሉኝ አዛውንቱ፤ በቁጣ አይደለም፣ በሐዘን ነው። "ልጄ፣ እኔም አንጀቴ አረረ። ግን እያወቅኩ እህትና ወንድም አላጋባም። ባላውቅ ይሻለኝ ነበር።"

ከመኝታ ቤት በኩል ድምፅ ሰማሁ። ትራስ ውስጥ የታፈነ ድምፅ ነው፣ አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አየችኝ። በገዛ አፌ፣ በገዛ ጉራዬ የልጄን ትዳር አፈረስኩት! ከፊታውራሪ በፊት ምላሴን ምነው በቆረጠው አልኩ። አዛውንቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መነሳት ጀመሩ።

"ተቀመጡ" አለች እናቴ።

ሁላችንም ዞርን። እሷ ግን ራሷ ገና አልተቀመጠችም ነበር። ቀስ ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች።

"ፊታውራሪው የአባቴ አባት አይደለም" አለች።

"እማዬ!" አልኳት።

"አንተ ዝም በል። ዕድሜ ልክህን ስታወራ እኔ ዝም ብዬሃለሁ።" ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞረች። "አባቴን የወለደችው ሴት ፊታውራሪው በገንዘቡ የገዛት ባሪያ ናት።"

እንዲህ ነው ያለችው። ዞር አላደረገችውም፣ አላለሳለሰችውም። ፊቴ እንደ ረመጥ ተቃጠለ። አፈርኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐፍረት ነው። ዓይኔ የሄደው ወደ እናቴ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደሚያዩን ለማወቅ ወደ እነሱ ነው የሄደው።

እናቴ ቀጠለች። "አያቴ የከፋ አገር ልጅ ነበረች። በልጅነቷ ነው ነጥቀው የወሰዷት። ገበያ ለገበያ አዙረዋት ወሎ ላይ ተሸጠች። እዚያ ቤት ዓመታት ፈጨች፣ ውሃ ቀዳች፣ እንጨት ለቀመች። በኋላ የነጋዴ ጭነት በዚያ ሲያልፍ ከአንድ ጫኝ ጋር ጠፋች። እሱም እንደሷ ተሽጦ የመጣ ነው። በጫካ በጫካ አዲስ አበባ ገቡ፤ አባቴን እዚያ ወለደችው። ጫኙን የኅዳር በሽታ ወሰደው። ልጁ ደርሶ ትምህርት ቤት ስታስገባው የአባት ስም አሏት። የጫኙ ስም ለባሪያ ካልሆነ ለማንም የማይወጣ ስም ነው፤ ያን ካስጻፈች ልጁን በየሄደበት ሊጠቋቆሙበት ነው። ስለዚህ የፊታውራሪውን ስም ከነማዕረጉ ሰጠቻቸው። 'ጉልበቴን ያን ያህል ዘመን ወስዷል፤ እኔ ስሙን ብወስድበት ምን አለበት?' ትለኝ ነበር። ስትነግረኝ ትስቃለች። እኔንም ያሳደገችኝ እሷ ናት። ለልጄ ያልነገርኩት ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ስሙ ከለላ ሆኖን ኖሯል፤ ልጅቷን የሚያስቀር ከለላ ግን ምን ያደርግልኛል?"

አዛውንቱ መሬት መሬት ያያሉ። ቅድም "አንቺ" ያሏትን እናቴን "እርስዎ" ብለው ጠሯት። "ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር መጠየቅ አለብኝ" አሉ። "በዚያ ዘመን የነበሩ ጌቶች፣ በቤታቸው ያለችውን ሴት... እንደ ንብረታቸው ነበር የሚያዩዋት። እኔ ራሴ ከእንደዚያ ያሉ ሴቶች የተወለዱ አጎቶች ነበሩኝ። ልጁ የጫኙ ለመሆኑ፣ የአያቴ ላለመሆኑ፣ እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ በምን እናውቃለን?"

ጥያቄው ይከብዳል፣ ግን ትክክል ነው። ሁሉም ነገር እዚያች ጥያቄ ላይ ቆመ። ሰውየው ነክቷት ከሆነ ልጆቹ ዘመድ ናቸው፣ አበቃ። የመኝታ ቤቱ በር ሲጢጥ አለ፤ ልጄ እንደምትሰማ ገባኝ።

እናቴ ፈገግ አለች። በዚያ ሰዓት ፈገግታ ምን ማለት ነው ብዬ ልቆጣት ነበር።

"አልነካትም" አለች። "እግዜር ጠበቃት እንዳልል፣ ራሷ ናት የጠበቀችው። እዚያ ቤት ስትፈጭ ዱቄቱ ጠጠር ይገኝበታል። ውሃ ስትቀዳ እንስራው ይሰበራል። ስትጠራ አትሰማም። ደንቆሮ፣ እጀ ሰባራ ይሏት ነበር። 'ጆሮዬማ ደህና ነበር' ትለኛለች። ከዚያ አደገች። አንድ ቀን ፊታውራሪው 'ያቺ ልጅ መጥታ እግሬን ትጠበኝ' አለ። እግር አጣቢ የሆነች ልጅ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ የቤቱ ሴት ሁሉ ታውቃለች። አያቴ ውሃውን ይዛ ገባች። እግሩን ልትይዝ ጎንበስ ስትል ወደቀች። በወንድ ድምፅ አጓራች። 'ይቺ ፈረሴ ናት! ፈረሴን የነካ ወንድ ዘሩ ይነቀላል፣ ቤቱ ይዘጋል!' አለች።"

"ዛር!" አሉ አዛውንቱ።

"ዛር። ባለዛር አስመጡላት። ባለዛሯ አሮጊት ናት፤ እሷም በዘመኗ ተሸጣ የመጣች። ልጅቷን ለብቻ ጎጆ አስገብታ ዓይን ዓይኗን ስታያት ቆየች። አንድም ነገር አልተባባሉም። ከዚያ ወጥታ 'ይሄ ዛር ለኔም ይከብዳል፤ ልጅቷን ከቤቱ አርቃችሁ አኑሯት' አለች። ከዚያ ወዲያ ፊታውራሪው..."

"...ከጎጆዋ በኩል አያልፍም ነበር!" አዛውንቱ ናቸው የጨረሱት። እንደገና ተነስተው ቆመዋል። "ሲያያት ያማትብ ነበር! ዛራሟ! እናቴ ትነግረን የነበረችው ዛራሟ! 'አባቴ ጥይት አይፈራም፤ ያቺን ዛራም ግን ይፈራ ነበር። መንገድ ላይ ቢያያት በሌላ በኩል ይዞራል፤ እስክትጠፋ ድረስ እጇ የነካውን እንኳ አይቀምስም' ትለን ነበር። እኛ ልጆች ስናስቸግር 'ዛራሟን እጠራላችኋለሁ' እየተባልን ነው ያደግነው!" እናቴን ትክ ብለው አዩዋት። "እውነት አልነበረም? ዛሩ?"

"አብሬያት ስኖር" አለች እናቴ፣ "አንድ ቀን እንኳ አልጮኸባትም። ጉንፋን እንኳ የሚይዛት በስንት ዓመቷ ነው።"

አዛውንቱ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እናቴም ሳቀች። ሁለት አዛውንቶች አንዲት ወጣት ሴት በአንድ ትልቅ ሰው ላይ በሠራችው ሥራ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ጋርላንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ሳቁ። እፎይ! እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ዘመድ አይደለንም! አንድ ጠብታ የጋራ ደም የለንም! ያን ሁሉ ዓመት ፊታውራሪዬ ብዬ የተሸከምኩት ሰውዬ ከጫንቃዬ ወረደልኝ፣ ሲወርድም አላዘንኩለትም። ሥራ ማለመጥ ብዬ መኪና ውስጥ የተሳለቅኩበት ነገር፣ የተሰበረው እንስራ፣ የደነቆረው ጆሮ፣ የውሸቱ ሕመም፣ እኔን ወልዶኛል። ልጄን ወልዷል። አሁን ደግሞ ከዘመድ ጋብቻ ነጻ አወጣን። ምን ትላላችሁ እንግዲህ!

ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ከማዕረግህ ተሽረሃል፣ ታውቃለህ?" አለኝ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አልኩት። ከልቤ ነው።

ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ። አጎትየው ግን ክራቫቱን እየነካካ "ዘመድ አለመሆናቸው ጥሩ ነው" አለ። "ግን ይሄ ነገር... ቤተሰብ ቢሰማ... ማለቴ፣ ከየት እንደሆነች ሲጠየቅ ምን ይባላል? እዚሁ ቢቀር አይሻልም?"

የቅድሙ ሐፍረት ተመልሶ መጣብኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት አዛውንቱ ቀደሙኝ።

"ዝም በል!" አሉት። "ነውሩ የማን ነው? የተሸጠችዋ ነው ወይስ የገዛው? የገዛው የኔ አያት ነው። የሚደበቅ ካለ እኔ ልደበቅ። ሲጠየቅ እንዲህ ይባላል፦ የኛ ሰው የነሱን ሰው ገዛ፤ የተሸጠችው ግን አልተገዛችለትም። ካፈርክ ሂድና መኪና ውስጥ ጠብቀን።"

አጎትየው አልሄደም። አንገቱን ደፍቶ "ይቅርታ እናቴ" አላት እናቴን። እሷም "አይዞህ፣ እኔም ስንት ዓመት ሳላወራው ቀርቻለሁ" አለችው። ባለቤቴ ውሃ አመጣችለት፤ ብርጭቆውን ግን ትንሽ በኃይል ነው ያስቀመጠችው።

ከዚያ አዛውንቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ከፊት ለፊታችን ቆሙ፤ ሌሎቹ ሁለቱም ከጎናቸው ተነሱ። ልጅ ሲጠየቅ ተቁሞ ነው። "እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን መጥተናል" አሉ፣ ድምፃቸው እየተሰበረ።

መልሱን የሚሰጠው የልጅቷ አባት ነው፣ ማለትም እኔ። ንግግሬን ከሳምንት በፊት ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ፊታውራሪው ሦስት ቦታ ይገቡበታል። እናቴን አየኋትና ንግግሩ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። "እኔ አይደለሁም የምመልሰው" አልኳቸው። "እሷን ጠይቁ።"

አዛውንቱ ወደ እናቴ ዞሩ። የገዛው ሰው የልጅ ልጅ፣ የተሸጠችው ሴት የልጅ ልጅ ፊት፣ እጁን አጣምሮ ቆመ። "ይፈቅዱልናል?" አሉ።

እናቴ ከሳቁ የቀረ እንባ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

"አያቴን ከአገሯ ሲወስዷት ማንም አልጠየቃትም" አለች። "ሲሸጧት አልጠየቋትም። እግሬን እጠቢ ሲላትም አልጠየቃትም። እምቢ ለማለት የሌላ ሰው ድምፅ መዋስ ነበረባት። አሁን እኛ እዚህ ተቀምጠን ስንሰጥና ስንቀበል፣ ልጅቷ ከበር ጀርባ ሆና ታለቅሳለች። እኔ አልፈቅድም፣ አልከለክልምም። ጥሯት።"

እንዲህ ያለ ወግ አይቼ አላውቅም፤ ሽማግሌዎቹም አላዩም። ግን ማንም አልተቃወመም። ባለቤቴ ሄዳ ጠራቻት። ልጄ የሐበሻ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ዓይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ወጣች። ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ሲጠብቃት አይታ ደነገጠች። እኔን አየችኝ፤ ምን ልበል የምትል ይመስላል። እኔም እንዳልመራት ዓይኔን ወደ ምንጣፉ መለስኩ፤ ከባድ ነው፣ ግን አደረግኩት።

"ልጄ" አለቻት እናቴ። "እነዚህ ሰዎች ይፈልጉሻል። አንቺስ? እምቢ ብትይ ማንም አይነካሽም።"

ልጄ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። አዛውንቱን በቀጥታ አየቻቸው።

"እፈልገዋለሁ" አለች፣ በራሷ ድምፅ።